እሺ ነው ወይስ እንቢ? ጎብልዲጉክ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

(ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። የደብረ ብርሃንን የምሽት ብርድ እናንተም እኔም እናውቀዋለን። በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቃሉ ጎብልዲጉክ ይባላል። እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም። በመጀመሪያ ያነሣችብኝ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንድ ጽሑፍ ስታነብ አግኝታው “መምህር፣ ይህ ምን ማለት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩና “ትርጉም የሌለው ንግግር ማለት ነው” ብዬ መለስኩላት። እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ እኔም ወደሚቀጥለው ሥራዬ ሄድኩ። ያ መልስ ስሕተት ነበር። ስሕተት መሆኑን የነገረኝ ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ደብዳቤ ነው።

ከተማው ጫፍ ላይ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በኩል የሚኖሩ አክስት አሉኝ። የእናቴ ታላቅ ናቸው። ገብስና ባቄላ ያመርታሉ፤ ጥቂት በጎችም አሏቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ቀን ጠዋት ቤቴ መጡ። ተቀምጠው ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሡም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና በፌስታል የተጠቀለለች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡ። “አንብብልኝ” አሉኝ። ለቤታቸው የውኃ ቆጣሪ እንዲገባላቸው ከጠየቁ ወራት አልፈው ነበር። ውኃ የሚቀዱት ከቦኖ ነው። ቦኖው ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ደግሞ በእርሳቸው ዕድሜ ጀርባ የሚሸከመው አይደለም።

አነበብኩላቸው። ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እንዲህ ይላል፦

“ያቀረቡትን የውኃ ቆጣሪ ጥያቄ በሚመለከት፣ ጽሕፈት ቤታችን የኅብረተሰቡን ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት ከማረጋገጥ አኳያ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየሠራ የሚገኝ ሲሆን፣ ጥያቄዎም ካለው የግብዓት ውስንነትና ከአሠራር ሥርዓቱ አንጻር ታይቶ በቀጣይ በሚቀመጠው አቅጣጫ መሠረት ምላሽ የሚሰጥበት ሁኔታ የሚመቻች መሆኑን እንገልጻለን።”

አክስቴ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀና አሉና “ለመሆኑ እሺ ነው ያሉት እንቢ?” ብለው ጠየቁኝ።

ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛም አነበብኩት። ሁለት ቋንቋ አንብቤ እጽፋለሁ፤ በዚህም እንጀራ እበላለሁ። ያን ዕለት ግን ፊደል ላልቆጠሩ አክስቴ በገዛ ቋንቋችን የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉሜ እሺ ወይም እንቢ ማለት አቃተኝ። በዚህ ጊዜ የዚያች ልጅ ቃል ትዝ አለኝ። ጎብልዲጉክ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ራሱ ትርጉሙን ያስረዳልና።

እ.ኤ.አ. በ1944 ዓለም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሳት ውስጥ ነበረች። በዋሽንግተን ትናንሽ ፋብሪካዎች ከጦርነቱ ሥራ ድርሻ እንዲያገኙ የሚሠራ አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሊቀ መንበሩ ሞሪ ማቨሪክ ይባላሉ። የቴክሳስ ሰው ናቸው፤ ከ1935 እስከ 1939 የሕዝብ እንደራሴ፣ ቀጥሎም የትውልድ ከተማቸው የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ነበሩ። እኚህ ሰው በየስብሰባው የሚሰሙት ንግግርና በየጠረጴዛቸው የሚቆለለው ማስታወሻ አንገፈገፋቸው። አገር እየተዋጋ፣ ፋብሪካ ሥራ እየጠበቀ፣ ሠራተኞቻቸው በረጃጅም ቃላት ላይ ረጃጅም ቃላት ይከምራሉ። ስለዚህ በዚያው ዓመት በመጋቢት ለሠራተኞቻቸው ሁሉ አንድ ማስታወሻ በተኑ። ፍሬ ነገሩ፣ አጭር ሁኑ፣ የምትሉትንም በቀጥታ በሉ የሚል ነው። ያንን የተንዛዛ አነጋገር “ጎብልዲጉክ” ብለው የጠሩት በዚሁ ወረቀት ላይ ነው። ሁለት ቃላትንም በስም ጠርተው ከለከሉ፤ “አክቲቬሽን” እና “ኢምፕሊመንቴሽን”። እነዚህን የተጠቀመ ሰው በጥይት ይመታል ብለው ጻፉ።

ኢምፕሊመንቴሽን በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ትግበራ። ተግባራዊ ማድረግ። ተፈጻሚነት። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቃሉን ከየት አመጡት ብለው ሲጠይቋቸው ማቨሪክ ራሳቸው አስረድተዋል። ምናልባት በአእምሮዬ የነበረው ቴክሳስ ያለው ጺማሙ አውራ ተርኪ ይሆናል አሉ። ተርኪ ፈረንጆች ለበዓል የሚያርዱት ትልቅ የዶሮ ዘመድ ነው። አውራው ላባውን ነፍቶ፣ ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለውን ቀይ ሥጋ እያወዛወዘ ይንጎራደዳል፤ ሲንጎራደድም “ጎብል፣ ጎብል” እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ “ጉክ” የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ማቨሪክ ይህን ድምፅና ይህን መኮፈስ አንድ ላይ አድርገው ስም አወጡለት።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእኛም አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ የእሱ ጩኸት ግን ነገር አለው። ሌሊቱ መገባደዱን ይነግራል፤ ገበሬው ይነሣል፣ ካህኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የተርኪው ጩኸት ግን “እዩኝ” ከማለት በቀር ለሰው የሚነግረው የለም። ስለዚህ የቃሉ ትርጉም ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱ ባዶነት ነው፣ ሁለተኛው ኩፈሳ። ለተማሪዬ የሰጠኋት መልስ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ነበር። ትርጉም የሌለው ንግግር ሁሉ ጎብልዲጉክ አይባልም። ሕፃን ሲንተባተብ ጎብልዲጉክ አይደለም። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ንግግርም አይደለም። ባዶ ሆኖ ሳለ ሙሉ ለመምሰል የሚነፋፋ፣ ሥልጣን ያለው የሚመስል፣ ሰሚውን “የማይገባኝ ያልተማርኩ ብሆን ነው” የሚያሰኝ ንግግር ነው ጎብልዲጉክ።

የእኚህ ሰው ቤተ ሰብ ለእንግሊዝኛ የሰጠው ቃል ይህ ብቻ አይደለም። አያታቸው ሳሙኤል ማቨሪክ ከብት ነበራቸው፤ ግን እንደ ጎረቤቶቻቸው በጋለ ብረት እየተኮሱ ምልክት አያደርጉባቸውም ነበር። ምልክት የሌለው ከብት ሲታይ “የማቨሪክ ነው” ይባል ጀመር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ማቨሪክ ማለት ከመንጋው ጋር የማይነዳ፣ በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። የአያትዬው ስም ቃል ሆነ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ቃል ፈጠሩ።

ስለ አጠቃቀሙ ለተማሪዎች ጥቂት ልበል። ጎብልዲጉክ ስም ነው፤ አይቆጠርም፣ ብዙ ቁጥር የለውም። ሰውን “አንተ ጎብልዲጉክ ነህ” አይሉበትም፤ የሚባለው ለንግግሩ ወይም ለጽሑፉ ነው። የዕለት ተዕለት ጨዋታ ቃል ስለሆነ ለሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ አትጠቀሙበት፤ ጋዜጣ ላይ አስተያየት ስትጽፉ ግን ይፈቀድላችኋል። አጻጻፉም ሁለት ዓይነት ነው፤ አሜሪካውያን መካከሉን “ዋይ” በሚባለው ፊደል ይጽፉታል፣ በብሪታንያ ደግሞ “ኢ” በሚባለው የሚጽፉት ብዙ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ተበላሽቶ ምልክትና ሣጥን ብቻ ሲታይም ይህንኑ ቃል የሚጠቀሙ አሉ። የፊደላችን ጉዳይ የሚገዳችሁ ሰዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ምን ይመስል እንደ ነበር አትረሱትም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ያልገባንን ነገር ሁሉ ጎብልዲጉክ ብሎ መጥራት ነውር ነው። የማንችለውን ቋንቋ እንዲህ ብንለው ተናጋሪዎቹን መሳደብ ይሆናል። የሙያ ቋንቋም እንዲሁ። እንግሊዞች የሙያ ቋንቋን ጃርገን ይሉታል፤ ይህም ቃል ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የወፍ ጫጫታ ማለት ነበር። ሁለቱም ቃላት ከወፍ መምጣታቸው ይገርመኛል፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። መንዝ ሄዳችሁ ዝተትና ባና የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ብትቀመጡ ስለ ድርና ማግ፣ ስለ መወርወሪያ የሚነጋገሩት ሁሉ ላይገባችሁ ይችላል። ለእነርሱ ግን እያንዳንዱ ቃል አንድ እጅ የሚይዘው ነገር አለው። አንዱ ሸማኔ “ድሩ ላልቷል” ሲል ሌላው ተነሥቶ ያጠብቃል። የሐኪምም፣ የመሐንዲስም፣ የቅኔ መምህርም ቋንቋ እንዲሁ ነው። መለያው ቀላል ይመስለኛል፤ የሙያውን ሰው “ምን ማለትህ ነው?” ብትሉት ያስረዳችኋል። የጎብልዲጉክን ጸሐፊ ብትጠይቁት ግን ሌላ ጎብልዲጉክ ይጨምርላችኋል።

ከቅኔም ለይቼ ልናገር፤ ምክንያቱም አንድ ባልደረባዬ “እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን፣ ነገርን መሸፈን ባህላችን ነው፣ ይህ ደብዳቤ ምን አዲስ ነገር አለው?” ብሎኛል። ይህ አባባል አሳዝኖኛል። ሰምና ወርቅ የሚሸፍነው ወርቅ ስላለው ነው። ባለቅኔው ሰሙን የሚሠራው አድማጩ እንዲያቀልጠውና ከሥሩ ያለውን እንዲያገኝ ነው፤ አድማጩን ያከብረዋል፣ ትደርስበታለህ ብሎ ያምንበታል። የአክስቴን ደብዳቤ ብታቀልጡት ግን ሰም ይወጣል፤ ያንን ብታቀልጡት ደግሞ ሌላ ሰም። አባቶቻችን ያወረሱንን ጥበብ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ መሸፈኛ ማድረግ በደል ነው።

አማርኛ ለዚህ ነገር ስም አጥቶ አይደለም። እንቶ ፈንቶ አለን። ቅብጥርሶ አለን። መለፍለፍ፣ መዘላበድ፣ መቀባጠር የሚሉ ግሶች አሉን። ነገር ግን እንቶ ፈንቶ ከንቱ መሆኑ ገና ከሩቅ ይታወቃል፤ ሰው እንቶ ፈንቶ ሲያወራ ክቡር መስሎ አይታይም፣ ማኅተምም አያሳርፍበትም። ለእኔ የሚቀርበኝ ዝባዝንኬ ነው። ድምፁ ራሱ ይወሳሰባል፤ ሲጠሩት አፍ ውስጥ ይጠላለፋል። ኩፈሳው ግን በዝባዝንኬ ውስጥ አይሰማም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ስተረጉም “የተኮፈሰ ዝባዝንኬ” እላለሁ፤ የተሻለ ያላችሁ ንገሩኝና እቀበላለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። እንዴት እንደ ተሠራ ፈታተን እንየው፤ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅምና።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲጀመር ሰሚው ትንፋሹን ይይዛል፤ ግሱ ሲመጣ ይለቃል። “ልጁ ትናንት ከገበያ በግ” ብላችሁ ብትቆሙ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ገዛ? ሸጠ? ሰረቀ? አክስቴ ያን ደብዳቤ ሲሰሙ አንገታቸውን አዘንብለው የጠበቁት ይህንን ነው። አርባ ያህል ቃላት አለፉ። በመጨረሻ የመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ምንድን ነው? “እንገልጻለን”። በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ አደርገዋለሁ ብሎ በራሱ አንደበት ያሰረው ድርጊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መግለጽ። ሌላው ሁሉ፣ መሥራቱም፣ መታየቱም፣ መመቻቸቱም፣ በየመሀሉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እቤታችሁ ያሉ ደብዳቤዎችን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ “እናሳውቃለን”፣ “እንገልጻለን” በሚሉ ግሶች የሚያልቁት ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ።

ሁለተኛው የባለቤቱ ነገር ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በጭራው ይዞ የሚዞር ግስ ነው። “ጻፍኩ” ስል እኔ አለሁበት፤ “ጻፈች” ስል እሷ አለችበት። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ለብቻ ያቆማል፤ እኛ ግን ከግሱ ጋር ሰፍተነዋል። በእኛ ቋንቋ ሠሪውን መደበቅ ድካም ይጠይቃል። ደብዳቤው ይህን ድካም ደክሟል። “ታይቶ” ይላል፤ ማን አይቶ? “በሚቀመጠው አቅጣጫ” ይላል፤ ማን የሚያስቀምጠው? “ምላሽ የሚሰጥበት ሁኔታ የሚመቻች” ይላል። ልብ በሉ፣ ምላሽ ይሰጣል አላለም። ምላሽ የሚሰጥበት ሁኔታ ይመቻቻል ነው ያለው። ለአክስቴ ቆጣሪ ቀርቶ መልስ እንኳ አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው የመልስ ሁኔታ ነው።

ሦስተኛው ቃላቱ ራሳቸው ናቸው። ባለድርሻ አካላት። ግብዓት። ከማረጋገጥ አኳያ። በቅንጅት። አቅጣጫ ማስቀመጥ። እነዚህን አያቶቻችን አያውቋቸውም ነበር። ከየት መጡ ብላችሁ ብትከታተሉ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የሪፖርት ቋንቋ የተተረጐሙ ሆነው ታገኛላችሁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ማቨሪክ ከሰማንያ ዓመት በፊት በገዛ ጽሕፈት ቤታቸው የከለከሉት ኢምፕሊመንቴሽን፣ ትግበራ የሚል ልብስ ለብሶ የእኛን ቢሮ ወንበር ይዟል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጎብልዲጉክን ጽፈዋል፤ ነገር ግን የሚያዋርድ ስምም አውጥተውለታል፣ ሲያዩት ይለዩታል። እኛ በሽታውን ተርጉመን ስናስገባ የበሽታውን ስም አልተረጐምንም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው፤ ዛሬ ማታም ስለ አንድ የቴክሳስ ቃል ልናገር የቆምኩት ለዚህ ነው።

ይህ አገር ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር መጥተው ነበር። ኢዘንበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 አማርኛን ከእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛን ከአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክት እዚሁ ተራራ ላይ ወጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ ከተያዩ መቶ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ለመዋዋስ ጊዜ አልጠበበንም፤ ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ስንዋስ የተሻለውን መምረጥ እንችል ነበር።

ደግሞስ የመንግሥት አማርኛ መቼ ነው እንዲህ መሆን ያለበት ያለን? ከዚህ ብዙ ሳይርቅ አንጎለላ ላይ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ያስነገሩትን አዋጅ አስቡ። “ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ” ይላል። ጉልበት ያለህ ሲል የሚናገረው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ እርዳኝ ሲል የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ቀጥሎ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ያዝዛል። ማን? የሸዋ ሰው። እስከ መቼ? እስከ ጥቅምት እኩሌታ። የት? ወረኢሉ። ነጋሪቱ ተመትቶ በገበያ የተነገረውን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አንድ ጊዜ ሰምቶ ስንቁን ማሰናዳት ይጀምራል። ይህን አዋጅ በዛሬው የቢሮ ቋንቋ ጻፉት፤ “የአገርን ሉዓላዊነት ከማስከበር አኳያ ከመላው ኅብረተሰብ ጋር በቅንጅት ርብርብ የሚደረግበት ሁኔታ የሚመቻች መሆኑን እንገልጻለን።” በዚህ ማን ስንቅ ይቋጥራል? ወረኢሉስ ማን ይደርሳል?

በሌላ አገርም ሰዎች ለዚህ ነገር ተነሥተዋል። ክሪሲ ማኸር የተባለች የሊቨርፑል ሴት ነበረች፤ ማንበብ የቻለችው ጉርምስና ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ድሆች የመንግሥት ቅጽ ስላልገባቸው ብቻ የሚገባቸውን ድጎማ ሲያጡ በዓይኗ አየች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ለንደን ፓርላማው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቆማ በመቶ የሚቆጠሩ የመንግሥት ሰነዶችን በሰው ሁሉ ፊት ቆራረጠቻቸው። የግልጽ እንግሊዝኛ ዘመቻን የመሠረተችው ያን ጊዜ ነው። በአሜሪካም በ2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የማኸር ነገር ነው። ለግልጽ ጽሑፍ የተከራከረችው ምሁር አልነበረችም፤ ፊደል ዘግይቶ የደረሳት ሴት ነበረች። የአክስቴን ጥያቄ የምታውቀው እንዲህ ያለች ሰው ናት።

አሁን ታሪኩን ልጨርስላችሁ። አክስቴን ቡና አጠጥቼ ደብዳቤውን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የጻፈውን ልጅ አገኘሁት። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ትሑት ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን አሳየሁትና “ወንድሜ፣ የዚህ ነገር እውነቱ ምንድን ነው?” አልኩት። ሳያቅማማ “መምህር፣ ቆጣሪ አልቆብናል። ከአዲስ አበባ እየጠበቅን ነው። ከሁለት ወር በፊት አይደርስም። ሲመጣ እርሳቸው ተራቸው ቅርብ ነው” አለኝ።

እንዲህ ነው የነገረኝ። አራት ዓረፍተ ነገር። ዐይኑን እያየሁ “ታዲያ ይህንኑ ለምን አልጻፍክላቸውም?” አልኩት።

ትንሽ አሰበ። “እንዲህ ከጻፍኩማ ደብዳቤ አይመስልም” አለኝ።

ይህን ሲል አልቀለደም። አፉ ጤነኛ ሆኖ ብዕሩን ያሳመሙበት ልጅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የጻፉትን ፋይል አውጥቶ አሳየኝ፤ እርሱም ከዚያ ነው የቀዳው። አለቃው ግልጽ ደብዳቤ ሲያይ “ይህ ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው?” ብሎ እንደሚመልስበትም ነገረኝ። ደግሞም ሁለት ወር ብሎ ጽፎ ሦስት ወር ቢሆን ወረቀቱ ማስረጃ ይሆንበታል። ፍርሃቱ ገባኝ። ነገር ግን ያ ፍርሃት ከልጁ ጠረጴዛ ተነሥቶ በአክስቴ ጀርባ ላይ ሲጫን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ገባኝ ብዬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ እኔ ከእናንተ ጋር ጠብ የለኝም። አብዛኞቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁ፤ የአጻጻፉ ጥፋት ከመምህራንም ይጀምራል። ድርሰት ስናርም አጭርና ግልጽ የጻፈውን ልጅ ስድስት ሰጥተን፣ “ከዚህ አንጻር” እያለ ገጽ የሞላውን ዘጠኝ የሰጠን እኛ ነን። ከዚህ ዓመት ጀምሮ እኔ ክፍሌ ውስጥ ይህን ትቼዋለሁ። ተማሪዎቼ ሲጽፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጥግ ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ “ማን ምን አደረገ?” ቁጣም ምክርም አልጨምርበትም።

ያን ዕለት ከልጁ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አብረን ተቀምጠን ጻፍን። አለቃውም፣ እውነቱን ልናገር፣ አይቶ ፈረመበት፤ ማኅተምም አደረገበት። ወደ ማታ ወደ አክስቴ ሄድኩ። በጎቹን ሊያስገቡ በረት ደጅ ላይ ቆመው ነበር። ወረቀቱን እዚያው አነበብኩላቸው፦

“ቆጣሪ አልቆብናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሲደርስ ሰው ልከን እናስገባልዎታለን። ስላዘገየንዎት ይቅርታ።”

አክስቴ ሰምተው ዝም አሉ። በልባቸው ሲያሰሉ ታየኝ፤ የካቲት፣ መጋቢት። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መልሰው አራት ቦታ አጠፉት፤ ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ “እንግዲያስ ለሁለት ወር የጎረቤቴን አህያ ልለምን” አሉና ልመናውን ሳይመሽ ለማድረስ መንገድ ጀመሩ።